ከኮምፒዩተራችን ጋር ተጠቅልለው የሚመጡ ያልፈለግናቸው ፕሮግራሞች

አንድ የአጋሮ ነዋሪ ማታ ከሥራ ገብቶ የልጁን የትምህርት ማመልከቻ ለመላክ አንድ ጊጋባይት የኢንተርኔት ጥቅል ገዛ እንበል። የእጅ ስልኩን ከላፕቶፑ ጋር በዋይፋይ አገናኝቶ ቅጹን መሙላት ጀመረ። የመጀመሪያውን ገጽ ጨርሶ ወደ ሁለተኛው ሳይሻገር ጥቅሉ ማለቁን የሚገልጽ አጭር መልእክት ስልኩ ላይ ደረሰው። ሰውየው ፊልም አልተመለከተም፤ ዘፈንም አላወረደም። የከፈተው ያንን ቅጽ ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ኔትወርኩን መራገም ይቀናናል። ይሁን እንጂ ጥቅሉን የበላው ብዙውን ጊዜ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ማሽን ራሱ ነው።

አንድ ኮምፒዩተር ተከፍቶ ምንም ሳይሠራበት በተቀመጠበት ሰዓት እንኳ በውስጡ በደርዘን የሚቆጠሩ ፕሮግራሞች በሥራ ላይ ናቸው። ከእነርሱ ገሚሶቹ ለማሽኑ እንደ ልብና እንደ ሳንባ የሚቆጠሩ ናቸው። የቀሩት ግን ባለቤቱ ያልጠየቃቸው፣ ስማቸውንም የማያውቀው፣ ሆኖም የማሽኑን ጉልበት፣ ማኅደረ ትውስታውንና የኢንተርኔት ሒሳቡን ከባለቤቱ ጋር የሚጋሩ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ እነዚህ ፕሮግራሞች ከየት እንደሚመጡ፣ ምን ዓይነት ጉዳት እንዳደረሱና የትኞቹን እንዴት ማቦዘን እንደሚቻል እንመለከታለን። ትኩረታችን በአገራችን የቤት ኮምፒዩተሮች ላይ እጅግ በተለመደው በዊንዶውስ ላይ ይሆናል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ከተባለው በቀር፣ በኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከየት መጡ?

ያልፈለግናቸው ፕሮግራሞች ወደ ማሽናችን የሚገቡባቸው በሮች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የሥርዓተ ክወናው አምራች ነው። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስን ሲሸጥ የራሱን የኢንተርኔት ማሰሻ፣ የሙዚቃ ማጫወቻ፣ የፋይል ማከማቻና ሌላም ሌላም አብሮ ጠቅልሎ ይሰጣል። ይህ አሠራር ብዙ ክርክር አስነሥቷል። የአሜሪካ መንግሥት በ1998 ኩባንያውን ለፍርድ ያቀረበው በዋናነት የኢንተርኔት ማሰሻውን ከዊንዶውስ ጋር አጣብቆ በማቅረቡ ነበር። የኤውሮጳ ኮሚሽንም በማርች 2004 የሙዚቃና የቪዲዮ ማጫወቻውን ጨምሮ በሌሎች ጉዳዮችም ጥፋተኛ ብሎ 497 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቶታል። ከማርች 2024 ወዲህ ደግሞ በኤውሮጳ ኅብረት ውስጥ የሚኖር ተጠቃሚ «ኤጅ» የተባለውን ማሰሻ ከማሽኑ ላይ ማራገፍ እንዲችል ሕጉ ያስገድዳል። በጅማ የተቀመጠ ተጠቃሚ ግን ያንኑ ማሽን፣ ያንኑ ሶፍትዌር ይዞ የማራገፊያው ቁልፍ ደብዝዞ ያገኘዋል። የማይቻል ሆኖ አይደለም፤ ያስገደደ ሕግ ስለሌለ ነው።

ሁለተኛው በር የኮምፒዩተሩ ሠሪ ኩባንያ ነው። አዲስ ላፕቶፕ ሲገዛ ለአንድና ለሁለት ወር ብቻ የሚያገለግል ጸረ ቫይረስ፣ ጨዋታዎችና የሽያጭ ማስታወቂያዎች ተጭነውበት ይመጣል። የየፕሮግራሞቹ ባለቤቶች ለዚህ ስለሚከፍሉ ሠሪው የማሽኑን ዋጋ ዝቅ አድርጎ ለመሸጥ ይረዳዋል። ሁልጊዜ ግን ጉዳቱ መዘግየት ብቻ አይደለም። በ2014 እና በ2015 መጀመሪያ ላይ ሌኖቮ በአንዳንድ ላፕቶፖቹ ላይ «ሱፐርፊሽ» የተባለ የማስታወቂያ ፕሮግራም ጭኖ ይሸጥ ነበር። ፕሮግራሙ በተመሠጠሩ ገጾች ላይ ማስታወቂያ ለመሰካት ሲል የራሱን የማረጋገጫ ሰነድ በዊንዶውስ ውስጥ ያስገባል። ከሁሉ የከፋው ግን የሰነዱ ምስጢራዊ ቁልፍ በሁሉም ማሽኖች ላይ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ያንን ቁልፍ የደረሰበት ማንኛውም ሰው ራሱን ባንክ አስመስሎ ማቅረብ ይችል ነበር። ጉዳዩ በፌብሩዋሪ 2015 ሲጋለጥ ኩባንያው ማስወገጃውን ለማውጣት ተገዷል።

ሦስተኛው በር በእኛ አገር ከሁለቱ ይልቅ ሰፊ ይመስለናል፤ ይኸውም ያገለገለ ኮምፒዩተር ሽያጭ ነው። ሻጩ ወይም ጠጋኙ በቅንነት ይጠቅማል ያለውን ሁሉ ይጭናል፤ ሦስት የፊልም ማጫወቻ፣ ሁለት ጸረ ቫይረስ፣ አንድ «አፋጣኝ» የሚባል ፕሮግራም። ብዙውን ጊዜም ዊንዶውሱን ያለ ክፍያ የሚያነቃ መሣሪያ ይታከልበታል። ይህ መሣሪያ እንዲሠራ የማሽኑ መከላከያ እንዲጠፋ ይጠይቃል። በሩ ክፍት የቀረ ቤት ገዛን ማለት ነው።

የፍላሽ ዲስኩ ዘመን

ተጠቅልሎ የመጣ አንድ ነገር በአገራችን ያደረሰውን ጉዳት ለመረዳት ከአውቶረን የተሻለ ምሳሌ የለም። አውቶረን ከዊንዶውስ 95 ጋር የመጣ አሠራር ነው። ሐሳቡ ቀናና ቸር ነበር፤ ተጠቃሚው ሲዲ ሲያስገባ የት ምን መጫን እንዳለበት ሳይጨነቅ ፕሮግራሙ በራሱ እንዲነሣ። ለዚህም በሲዲው ላይ «አውቶረን ዶት አይ ኤን ኤፍ» የምትባል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ትቀመጣለች። ዊንዶውስ እርሷን አንብቦ የታዘዘውን ያስነሣል። ትእዛዙን የጻፈው ማን እንደሆነ ግን አይጠይቅም።

የዚህ ጠንቅ በግልጽ ከታየባቸው ጊዜያት አንዱ 2005 ነው። ሶኒ ቢኤምጂ የሙዚቃ ሲዲዎቹ እንዳይባዙ ለመከላከል በሲዲው ላይ አንድ ፕሮግራም አኑሮ ነበር። ሲዲው ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ በአውቶረን አማካይነት ራሱን አስነሥቶ በማሽኑ ውስጥ ይጫናል፤ ከዚያም ከባለቤቱ ዓይን ይሰወራል። ማርክ ሩሲኖቪች የተባለው የዊንዶውስ ባለሙያ በኦክቶበር 31 ቀን 2005 ነገሩን ይፋ ሲያደርግ ኩባንያው ሲዲዎቹን ከገበያ እስከ መሰብሰብ ደርሷል።

ሲዲ ግን አንድ ጊዜ ከተጻፈበት በኋላ የማይለወጥ በመሆኑ በሽታን ከቤት ወደ ቤት ለማዛመት አይመችም። ፍላሽ ዲስክ ይመቻል። በኤክስፒ ዘመን አንድ ሰው የፍላሹን ምልክት ሁለት ጊዜ ሲጫን አውቶረን የታዘዘውን ፕሮግራም ያስነሣ ነበር። ቫይረሱም ራሱን ወደ ማሽኑ ይገለብጥና ቀጥሎ የሚሰካውን ንጹሕ ፍላሽ ይጠብቃል። በኖቬምበር 2008 የተከሠተው ኮንፊከር የተባለ ትል ደግሞ ከዚህም የረቀቀ ዘዴ ነበረው። ፍላሽ ሲሰካ በሚመጣው የምርጫ መስኮት ላይ «ፋይሎቹን ለማየት ማኅደሩን ክፈት» የሚል፣ የማኅደር ሥዕል ያለበት የውሸት መስመር ይጨምር ነበር። ያንን የመረጠ ሰው ማኅደር የከፈተ እየመሰለው ትሉን ያስነሣል።

ኢንተርኔት ርካሽና ፈጣን በሆነበት አገር ጸረ ቫይረሱ በየቀኑ ይታደሳል፤ ፋይል በኢሜይል ይላካል። በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች ግን ያኔ የመረጃ መንገዱ ፍላሽ ዲስክ ነበር። የአንድ የገበሬዎች ማኅበር ሒሳብ ከአጋሮ ወይም ከሊሙ ገነት ወደ ጅማ የሚመጣው በሒሳብ ሹሙ ኪስ ነው። የተማሪው የምርምር ጽሑፍ ከኮምፒዩተር ቤተ ሙከራ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ከዚያም ወደ ጽሕፈት ቤት ይዞራል። በየደረሰበት የሚሰካበት ማሽን በቀን በርካታ ፍላሽ የሚያስተናግድ፣ ጸረ ቫይረሱ ካለፈው ዓመት ያልታደሰ ነው። ለዚያ ዓይነቱ አሠራር አውቶረን ከተከፈተ በር የሚለይ አልነበረም።

ይህ ጸሐፊ በ2002 ዓ.ም. ገደማ በአንድ የኮምፒዩተር ቤተ ሙከራ ውስጥ በረዳትነት ይሠራ ነበር። አንዲት ተማሪ በቡና አጠባበቅ ላይ ከገበሬዎች የሰበሰበችውን መረጃ የያዘ ፍላሽ ይዛ መጣች። ፍላሹ ሲከፈት የሚታዩት የማኅደር ሥዕል የለበሱ የቫይረስ ፋይሎች ብቻ ነበሩ። «መምህር፣ ሌላ ቦታ አላስቀመጥኩትም» አለች። ጸሐፊው ፋይሎቹ ጠፍተዋል ብሎ ስላመነ ቢያንስ ፍላሹ ይዳን በማለት ፎርማት እንዲደረግ መከረ፤ ተደረገም። ከወራት በኋላ ግን የዚያ ዓይነቱ ቫይረስ ፋይሎችን እንደማያጠፋ፣ የስውርነት ምልክት ብቻ እንደሚለጥፍባቸው ተረዳ። በማኅደር አማራጮች ውስጥ ገብቶ ስውር ፋይሎችና የሥርዓቱ ጥብቅ ፋይሎች እንዲታዩ ማድረግ ብቻ ይበቃ ነበር፤ ወይም «አትሪብ» የሚባለውን አሮጌ ትእዛዝ መጠቀም። የወራት ድካሟን ያጠፋው ቫይረሱ አልነበረም፤ የእኛ ምክር ነው። ዛሬም ፍላሹ ባዶ ሆኖ የታየው አንባቢ ካለ፣ ፎርማት ከማድረጉ በፊት በፍላሹ ላይ የተያዘውን ቦታ መጠን ይመልከት። ባዶ በሚመስለው ፍላሽ ላይ ብዙ ሜጋባይት ተይዞ ከታየ ፋይሎቹ አሁንም እዚያው ሊሆኑ ይችላሉ።

አውቶረንን ማጥፋት ራሱ ቀላል አልነበረም። በጃንዩዋሪ 2009 ዩኤስ-ሰርት የተባለው የአሜሪካ የኮምፒዩተር ደኅንነት ተቋም፣ ማይክሮሶፍት አውቶረንን ለማቦዘን የሰጠው መመሪያ ሙሉ በሙሉ እንደማይሠራ አስጠነቀቀ። ተጠቃሚው «አጥፋ» ብሎ ማሽኑ «እሺ» ቢልም ሁሉም አልጠፋም ማለት ነው። በሚቀጥለው ወር ማረሚያ ወጣ። በዚያው ዓመት የተሸጠው ዊንዶውስ 7 በፍላሽ ላይ አውቶረንን አልፈቀደም፤ በፌብሩዋሪ 2011 ደግሞ ለኤክስፒና ለቪስታ ይኸው ለውጥ በራሱ በሚመጣ ማሻሻያ ተሰራጨ። በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት ባወጣው መረጃ መሠረት በዚህ መንገድ የሚዛመቱ ቫይረሶች በኤክስፒ ማሽኖች ላይ ከግማሽ በላይ ቀነሱ። አዲስ ጸረ ቫይረስ አልተፈለሰፈም፤ ማንም ያልለመነው አንድ ምቾት ተነሣ እንጂ። ይህ ሲባል አደጋው ጨርሶ ቀረ ማለት አይደለም። በ2010 የታወቀው ስተክስኔት የፋይል ምልክቶች በሚታዩበት አሠራር ላይ የነበረን ስሕተት ስለተጠቀመ አውቶረን በጠፋበት ማሽን ላይም ይሠራ ነበር።

በዊንዶውስ 10 እና 11 የተረፈው «ኦቶፕሌይ» የሚባለው የምርጫ መስኮት ነው። እርሱንም በ«ሴቲንግስ» ውስጥ፣ በዊንዶውስ 10 ከ«ዲቫይስስ»፣ በዊንዶውስ 11 ደግሞ ከ«ብሉቱዝ ኤንድ ዲቫይስስ» ሥር ማጥፋት ይቻላል። ፍላሽ ለሚዟዟርበት ቤት እንዲጠፋ እንመክራለን።

ጥቅሉን የበላው ማን ነው?

ወደ አጋሮው ሰው እንመለስ። ኢንተርኔት በወር ክፍያ ያለ ገደብ በሚገኝበት አገር የተሠራ ሶፍትዌር መስመር ባገኘ ቁጥር የሚችለውን ሁሉ ያወርዳል፤ ያስተላልፋልም። የማሻሻያ ፋይሎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ሜጋባይቶች፣ አንዳንዴም ጊጋባይቶች ናቸው። «ዋንድራይቭ» የተባለው ማከማቻ የዴስክቶፕን ፎቶግራፎችና ሰነዶች ወደ ሩቅ አገር ማሽን ይልካል። የመተግበሪያው መደብር ማንም የማይከፍታቸውን ጨዋታዎች ያድሳል።

በዚህ ረገድ ከሁሉ የታወቀው የ2015ቱ ድርጊት ነው። ዊንዶውስ 10 በጁላይ 29 ቀን 2015 ሲወጣ ለዊንዶውስ 7 እና 8 ተጠቃሚዎች በነጻ ቀረበ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ እንደ ታወቀውም፣ አውቶማቲክ ማሻሻያቸው ክፍት በሆነ ማሽኖች ላይ ባለቤቶቹ ሳይጠይቁ እስከ 6 ጊጋባይት የሚደርስ የመጫኛ ፋይል በስውር ማኅደር ውስጥ ይወርድ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ውስጥ የቺንኮን የዱር እንስሳት የሚጠብቁ ሰዎች ማሽን በሳተላይት መስመር ይህንኑ ፋይል ማውረድ እንደጀመረ ለመገናኛ ብዙኃን ተናገሩ። የሳተላይት መስመር ዋጋው ውድ ነው፤ ፋይሉን የላኩት ሰዎች ግን ይህን እንዲያውቁ ያስገደዳቸው ነገር አልነበረም።

መድኃኒቱ በዊንዶውስ ውስጥ አለ፤ ሆኖም ባለቤቱ ካላነቃው አይሠራም። ማሽኑ መስመሩ በመጠን የሚከፈልበት መሆኑን እንዲያውቅ መንገር ያስፈልጋል። በ«ሴቲንግስ» ውስጥ «ኔትዎርክ ኤንድ ኢንተርኔት» የሚለውን ከፍተን፣ የተገናኘንበትን የዋይፋይ ስም መርጠን፣ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን እናበራለን። ከዚያ በኋላ ዊንዶውስ አብዛኞቹን ማሻሻያዎች ሳይፈቀድለት አያወርድም፤ ዋንድራይቭም በተለመደው አሠራሩ ማስተላለፉን ያቆማል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሲም ካርድ ራሱ ላፕቶፑ ውስጥ ከገባ ዊንዶውስ መስመሩ የሚለካ መሆኑን በራሱ ይረዳል። ከስልክ በሚመጣ ዋይፋይ ሲገናኝ ግን ብዙውን ጊዜ እንደ ማንኛውም የቢሮ ዋይፋይ ይቆጥረዋል። ምልክቱ የሚሠራው ለዚያ ለአንዱ ዋይፋይ ስም ብቻ ስለሆነ የጎረቤትን ወይም የወንድምን ስልክ ስንጠቀም እንደገና ማብራት ያስፈልጋል።

ከማጥፋት በፊት መለካት የሳይንስ ሰው ልማድ ሊሆን ይገባል። እዚያው «ኔትዎርክ ኤንድ ኢንተርኔት» ሥር «ዳታ ዩሴጅ» የሚል ገጽ አለ፤ ባለፉት 30 ቀናት እያንዳንዱ ፕሮግራም ምን ያህል ሜጋባይት እንደበላ በተራ ያሳያል። ብዙ ሰው ይህን ገጽ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፍት የሚደነግጠው ከላይ የተቀመጠውን ስም ስለማያውቀው ነው።

«ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» የሚባለውም መታየት ይገባዋል። ዊንዶውስ በዚህ አማካይነት የማሻሻያ ፋይሎችን ከሌሎች ኮምፒዩተሮች ይቀበላል፤ ለሌሎችም ይሰጣል። በ2015 ለቤት ተጠቃሚዎች ሲቀርብ መስጠቱ በኢንተርኔት ለማይታወቁ ሰዎች ጭምር ነበር። ይህን መዝጋት ተገቢ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ላሉ ኮምፒዩተሮች ብቻ እንዲሆን የሚያደርገው ምርጫ ግን መልካም ነገር ነው። ዐሥር ኮምፒዩተር ያለው ትምህርት ቤት ማሻሻያውን ከሞላ ጎደል አንድ ጊዜ አውርዶ ለዐሥሩም ማዳረስ ይችላልና። ያው አንድ ፕሮግራም ለአንዱ ቤት ሌባ፣ ለሌላው አጋዥ ሊሆን ይችላል።

ማሽኑ ለምን ያዘግማል?

ብዙዎቹ የቤት ኮምፒዩተሮቻችን ያገለገሉ ስለሆኑ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አላቸው። የተለመደው የላፕቶፕ ዲስክ በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራል፤ ይህ በሰከንድ 90 ዙር ማለት ነው። የማንበቢያው ክንድ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ተዛውሮ የሚፈለገው ክፍል በሥሩ እስኪደርስ ይጠብቃል። በዚህ ምክንያት በተለያየ ቦታ የተበተኑ ፋይሎችን በሰከንድ ከመቶ ጊዜ ብዙም በማይበልጥ መጠን ብቻ ማንበብ ይችላል። ማሽኑ ሲነሣ ሃያ ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ «እኔን አንብብ» ቢሉት ክንዱ ወዲያና ወዲህ ሲሮጥ ደቂቃዎች ያልፋሉ። ማኅደረ ትውስታው 4 ጊጋባይት ብቻ ከሆነ ደግሞ ሞልቶ የተረፈው ወደዚያው ዲስክ ስለሚዛወር ወረፋው ይብሳል። አንዳንዱ «ማሽኑ አርጅቷል» ብሎ ሌላ ለመግዛት ገንዘብ ያጠራቅማል። ያረጀው ማሽን ሳይሆን የተጫነበት ሸክም የበዛ ሊሆን ይችላል።

ሸክሙን ለማየት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች በአንድነት መጫን ይበቃል። በሚከፈተው «ታስክ ማናጀር» ውስጥ «ስታርትአፕ» የሚለው ገጽ ማሽኑ ሲነሣ አብረው የሚነሡትን ሁሉ ይዘረዝራል፤ የእያንዳንዱንም ጫና ከፍተኛ፣ መካከለኛ ወይም ዝቅተኛ ብሎ ያመለክታል። የማንፈልገውን መርጠን «ዲሴብል» እንላለን። ፕሮግራሙ አይጠፋም፤ ስንፈልገው ከፍተን እንጠቀምበታለን፤ ሳንጠራው መምጣቱን ብቻ ይተዋል። ኤጅ የተባለው ማሰሻ ግን መስኮቱ ከተዘጋ በኋላም ከጀርባ እንዲቆይ የሚያደርጉ «ስታርትአፕ ቡስት»ን የመሳሰሉ ምርጫዎች ስላሉት እነርሱን በራሱ ቅንብር ውስጥ ገብቶ ማጥፋት ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ከዴስክቶፕ ላይ ምልክቱን መሰረዝ ፕሮግራሙን አይነካውም፤ ስሙ የተለጠፈበትን ወረቀት መቅደድ ነው። ማቦዘን ፕሮግራሙን በቦታው ትቶ በራሱ እንዳይነሣ መከልከል ነው። ማራገፍ ደግሞ ከማሽኑ ማውጣት ነው፤ የሚከናወነውም በ«ሴቲንግስ» ውስጥ «አፕስ» ከሚለው ሥር ነው። ጀማሪ ሁልጊዜ በማቦዘን እንዲጀምር እንመክራለን፤ ከተሳሳተ መልሶ ማንቃት ይችላል።

ስለ ደኅንነት ሲባል የሚጠፉ

የተወሰኑት አብሮ አደግ ክፍሎች ማሽኑን አያዘገዩም፤ በዝምታ ተቀምጠው የቆዩ በሮች ናቸው። በሜይ 12 ቀን 2017 የተነሣው ዋናክራይ ከ150 በላይ በሚሆኑ አገሮች ፋይሎችን እየቆለፈ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ የተዛመተው «ኤስኤምቢ 1» በሚባል ከ1980ዎቹ በተወረሰ የፋይል መጋሪያ ዘዴ አማካይነት ነው። ማረሚያው ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፤ ያልደረሳቸው ማሽኖች ተጠቁ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ከወጣው የዊንዶውስ 10 እትም ጀምሮ ይህ ዘዴ በአዲስ ጭነት ላይ በራሱ አይገባም። በቆዩ ማሽኖች ላይ ግን «ተርን ዊንዶውስ ፊቸርስ ኦን ኦር ኦፍ» ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ምልክቱን ማንሣት ያስፈልጋል። ከኤክስፒ ማሽን ወይም ከአሮጌ የቢሮ ስካነር ጋር ፋይል የሚለዋወጥ ሰው ግንኙነቱ እንደሚቋረጥበት አስቀድሞ ይወቅ።

በጁላይ 2021 ደግሞ የኅትመት ሥራን በወረፋ የሚያስተናግደው «ፕሪንት ስፑለር» ከባድ ክፍተት እንዳለበት ታውቆ ማይክሮሶፍት አስቸኳይ ማረሚያ አውጥቷል። ፕሪንተር የሌለው ቤት ይህን አገልግሎት ማቦዘን ይችላል። ሆኖም ሰነድን በኅትመት መንገድ ወደ ፒዲኤፍ መለወጥም አብሮ ስለሚቆም፣ ማመልከቻውን በፒዲኤፍ የሚልክ ተማሪ ማረሚያውን ጭኖ አገልግሎቱን ቢተወው ይሻለዋል።

መነካት የሌለባቸው

በጎማ ወይም በማና የቡና ጫካ ውስጥ የሚመነጥር ገበሬ ከቡናው ጋር የሚሻማውን ቁጥቋጦ ይጠርጋል፤ ዋንዛውን፣ ሰሳውንና ብርብራውን ግን ለጥላ ይተዋል። ኮምፒዩተር ላይ ሲደርስ ይህን የሚዘነጋ ብዙ ነው። «የማያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ቁልፍ አጽዳ» የሚሉ ከኢንተርኔት የሚወርዱ ፕሮግራሞች ቁጥቋጦውንና የጥላውን ዛፍ ሳይለዩ ይቆርጣሉ፤ አንዳንዶቹም ራሳቸው ያልተጋበዙ ናቸው።

ከማይነኩት መካከል የመጀመሪያው «ዲፌንደር» የተባለው የዊንዶውስ ጸረ ቫይረስ ነው። ጊዜው ያለፈበት የሙከራ ጸረ ቫይረስ በማሽኑ ላይ ካለ እርሱን አራግፎ ዲፌንደር ሥራውን እንዲረከብ ማድረግ ይገባል። ሁለት ጸረ ቫይረስ ጎን ለጎን ማሠራት ደኅንነትን አያጠነክርም፤ አንዱ በሌላው ላይ ይጠባበቃል፤ ዲስኩም ሁለት ጊዜ ይነበባል። ሁለተኛው የማሻሻያው አገልግሎት ነው። ጥቅል ስለሚበላ አገልግሎቱን ጨርሶ የሚዘጉ ሰዎች እናውቃለን። የዋናክራይ ታሪክ እንደሚያሳየው ይህ ውድ ቁጠባ ነው። በሚለካ መስመር ላይ አቆይቶ፣ በወር አንድ ጊዜ የተሻለ መስመር ባለበት ቢሮ ወይም ግቢ ላፕቶፑን ወስዶ ማሻሻል ይቻላል። መብራት በሚቆራረጥበት ወቅት ባትሪው ሙሉ ሳይሆን ማሻሻያ መጀመር አይገባም። በመጫን ላይ እያለ የጠፋ ማሽን ላይነሣ ይችላል። ከማንኛውም ትልቅ ለውጥ በፊትም «ሪስቶር ፖይንት» የሚባለውን የመመለሻ ነጥብ መፍጠር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል።

ዊንዶውስ 10 በኦክቶበር 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉ ተቋርጧል። ዊንዶውስ 11 «ቲፒኤም 2.0» የሚባል የደኅንነት ክፍልና አዳዲስ ፕሮሰሰሮችን ስለሚጠይቅ ብዙዎቹ ያገለገሉ ማሽኖች ወደ እርሱ መሸጋገር አይችሉም። እነዚህ ማሽኖች ማረሚያ ሳያገኙ የሚቆዩ ከሆነ እንደ ኤስኤምቢ 1 ያሉትን በሮች መዝጋቱ ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልጋቸዋል፤ በነጻ የሚገኘውን ኡቡንቱን የመሰለ ሥርዓት መሞከርም አንድ መንገድ ነው። ወደ አዲሱ የተሸጋገሩት ደግሞ አዲስ እንግዶች ይጠብቋቸዋል። በሜይ 2024 ማይክሮሶፍት «ሪኮል» የተባለ፣ የተጠቃሚውን ስክሪን በየጊዜው ፎቶ እያነሣ የሚያስቀምጥ አሠራር ሲያስተዋውቅ ከደኅንነት ባለሙያዎች ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው። በ2025 ለተመረጡ አዳዲስ ማሽኖች ሲለቀቅም ባለቤቱ ካልፈቀደ እንዳይሠራ፣ ከማሽኑም እንዲወገድ ተደርጎ ነበር።

አንድ የመጨረሻ ጉዳይ ቀርቷል። ከዓመታዊው ትልቅ ማሻሻያ በኋላ ያቦዘንናቸው አንዳንድ ነገሮች ተመልሰው ሊነቁ፣ ያራገፍናቸውም እንደገና ሊገቡ ይችላሉ። ስለዚህ የጠፉትን ስም በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ከላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ ማኖርና ማሻሻያው በተጠናቀቀ ማግስት «ስታርትአፕ»ን እና «ዳታ ዩሴጅ»ን ከወረቀቱ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል።